የግራ ፓራፋንጎ

ከማርቆስ ዳርቻ፣ ከውሰታ ማዶ፣
ቤቴ ይታወቃል፤ ደጁ ብሎን፣ ዳዶ፣
ውስጡ ላሜራ ነው፣ ጥጉ የዛገ በር፣
ማለዳ ሲከፈት የሚያስነጥስ አፈር።

ኅዳር ሊወጣ ሲል፣ ጤፍ ታጭዶ ሳያልቅ፣
አንድ አይሱዙ ቆመ፣ ጭነቱ የሚያስደንቅ፦
በጠፍር የታሰረች አሮጌ ሚሌቼንቶ፣
ሰማያዊ ቀለሟ በዶሮ ኩስ ጠፍቶ።
ሃያ ስምንት ዓመት ጭድ ቤት ከርማለች፣
ከመሪዋ በታች ዶሮ አስፈልፍላለች።
የቀኝ ፓራፋንጎዋ አለ እንደ ጥንቱ፤
የግራውን ነቅለው ጥጃ ሲያጠጡበት፣ በልቶታል ዝገቱ።

ያመጣት አዛናው፣ የባለቤቷ ልጅ፦
"መርካቶ አገላበጥሁ፣ ከደጅ እስከ ደጅ፤
የዚችን ዕቃ ስል ሻጮቹ ሳቁብኝ፣
'ካላሠራህ አታገኝ' ብለው አሰናበቱኝ።
አባቴ ብቸና፣ ሳይሞት አንድ ጊዜ
ድምጿን ልስማ ብሎ ገብቶታል ትካዜ።"

ብቸና ሲል ጊዜ መዶሻዬን ጣልሁት።
እዚያ ነው አባቴን በልጅነት ያየሁት፣
ማረሻ ሲያወጣ፣ ሲስል ማጭድ ቢላ፣
ዋጋውን ከአጥር ውጭ ሲሰፍሩለት ባቄላ።
ውኃ ቢለምናቸው በቅል ነው የሚሰጡት፤
ጀርባውን ሲያዞር ነው ቅሉን የሚሰብሩት።
ሲያልፍ እናት ልጇን በነጠላ ትጋርዳለች፤
ያቺው እናት ማታ፣ እሱ በሠራው ቢላ ሽንኩርት ትከትፋለች።
ፊደል አልቆጠረም። በሠራው ብረት ላይ
ሦስት ነጥብ ይመታል፣ ጉልቻ መሳይ።

ለአዛናው ይህን አልነገርሁትም።
"ቀብድ አምጣ" አልሁት እንጂ ሌላ አልጨመርሁም።

የቀኙን ለካሁት በፓስታ ካርቶን፣
ገለበጥሁት፤ ግራ የተገለበጠ ቀኝ መስሎኝ። አይሆን!
መኪናም እንደ ሰው፣ ሲያረጅ ፊቱ ይጣመማል፣
ቀኙ ቀና ሲል ግራው ወደ ቦዩ ያዘነብላል።
ካርቶኑን ቀድጄ እንደገና ለካሁ፤
ከዘይት በርሜል ሆድ በመቀስ አወጣሁ።
ኦክስጅን ከባሕር ዳር ነገ ነው ይሉኛል፤
መብራቱም ሄዷል፤ የብየዳ ማሽን ምን ይሠራኛል?
ከጣሪያው ሥር ሰቅዬ የረሳሁት ወናፍ፣
ቆዳው የደረቀ፣ የተሰነጠቀ አፍ፣
አውርጄ ቅቤ ቀባሁትና ነፋሁት፤
ሳል ሳለ እንደ አባቴ። ቆሜ አዳመጥሁት።

በቦረቦርሁት የወይራ ግንድ ላይ፣ በእንጨት መዶሻ፣ ዳር ዳር፣
ዘጠኝ ቀን አንኳኳሁ፣ ጎረቤት ሲማረር።
ላሜራ ጠባይ አለው፦ ብዙ ሲመታ ይሰፋል፣ እንደ ጣሳ ይንቋቋል፤
ጥቂት ሲመታ ያኮርፋል። ልኩን መዳፍ ያውቃል።

ለጥምቀት ሳምንት ሲቀር ሰውዬው ራሳቸው
መጡ፣ አቶ ሽባባው፣ ልጅ እየመራቸው።
ሊነኳት ነው እንጂ ሊያዩዋት አይደለም፤
ሞራ ለጋረደው ዓይን ቀለም የለም።
ኮፈኗን ዳሰሱ፣ ፋናሌዋን፣ ቀኟን፦
"ይህን አንተ ሠራህ፤ ይሻክራል፤ ይሁን።"
ወደ ግራ ዞሩ፤ መዳፋቸው ቀረ፦
"የጣልያን እጅ ይሄ ነው! እንዲህ ያለ ሠሪ ዛሬማ የት ኖረ?"
አዛናው ሊናገር አፉን ሲከፍት፣
ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አሳየሁት።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። "የጥሩነህ" አልሁ።
"የቱ?" "የማረሻው።" ቃል አልጨመርሁ።
መዳፋቸው ከግራው ላይ አልተነሣም፤
ብዙ ቆየ። ከንፈራቸውም አልተላወሰም።
ኋላ፦ "ጠማኝ" አሉ። በጣሳዬ ቀዳሁ።
ከአፋቸው ሳይደርስ ትንሽ ሲቆም አየሁ።
ጠጡ፣ ጨረሱና ጣሳውን መለሱ።
አልሰበርሁትም እኔ፤ መደርደሪያው ላይ አለ እሱ።

ብቸና ገብታለች፣ ፍሪሲዮኗ እየከዳ፤
ስምንት መቶ ብር አለብኝ ይላል አዛናው፣ ያልተከፈለ ዕዳ።
ቀለሙ አንድ ነው፣ ግራ ቀኙን ማንም አይለየው፤
የሆዱን ግን የክረምት ጭቃ ብቻ ነው የሚያየው።
እዚያ ሦስት ነጥብ አለ፣ ሁለት ታች፣ አንድ ላይ፤
የብቸና ጭቃ፣ በል እንግዲህ፣ እሱን እይ።